ከጃናሞራ ይዤው የወረድኩት ቃል

ይህን የምጽፈው አዳማ፣ ቤቴ፣ ማራገቢያ ሥር ተቀምጬ ነው። ከአጠገቤ ከበግ ጠጉር የተሠራ አንድ ባና ተጣጥፎ አለ። አዳማ ላይ ባና ለብሶ የሚወጣ ሰው ቢገኝ ጎረቤት ተሰብስቦ ጠበል ይወስደዋል፤ እኔም ለብሼው አላውቅም። ቁምሳጥን ውስጥ ከትቼ ልረሳውም ግን አልቻልኩም። እንዴት እጄ እንደገባ ከመጀመሪያው ልናገር።

ከጓደኞቼ ጋር የምንሠራው አንድ ድረ ገጽ አለ። ረቂቅ ሕግ ሲወጣ እዚያ ላይ ይለጠፋል፤ ዜጋው በስልኩ ገብቶ አንቀጹን ያነብና ይህ ይቅር፣ ይህ ይጨመር ብሎ ይጽፋል። ጊዜው ሲያበቃ የተጻፈው ሁሉ ተጠቃሎ ረቂቁን ላዘጋጀው መሥሪያ ቤት ይላካል። ባለፈው መስከረም ስለ ወል ግጦሽ መሬት አንድ ረቂቅ መጣ፤ መንደርተኛው በጋራ ከብት የሚያሰማራበት መስክ ተለክቶ ለየሰው እንዲከፋፈልና እንዲታጠር የሚፈቅድ። አስተያየት የጻፉልን አብዛኞቹ በግ የሚያዩት በበዓል ዋዜማ ብቻ የሆኑ የከተማ ሰዎች ነበሩ። እኔም ከነሱ አንዷ ነኝ። ስለዚህ በጉ ካለበት ሄጄ የባለቤቱን ቃል ላምጣ አልኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ከቦሌ ተነስቼ ጎንደር፣ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ አረፍኩ። የአዳማ ባጃጅ ሜዳ ላይ ይበራል፤ የጎንደሩ ዳገት ላይ ያቃስታል። ፒያሳ አካባቢ አንድ ሆቴል ገባሁ። እንግዳ ተቀባይዋ የቁልፍ ሰሌዳውን በሙሉ አዙራ አሳየችኝና «ደስ ያለዎትን ክፍል ይምረጡ» አለችኝ። ባዶ ነበር። ድሮ በኅዳር ወር የውጭ ሰው ሞልቶ አልጋ አይገኝም ነበር አለችኝ፤ አሁን አልጋው አለ፣ ሰው የለም። እንደዚያ በሰፊው መርጬ እንደዚያ ቅር ብሎኝ አያውቅም።

ማታ እራት የበላሁት መሪጌታ ጥበቡ ቤት ነው። መሪጌታ ድረ ገጹን አብሮኝ የሚሠራው የዮናስ አባት ናቸው፤ ተወላጅነታቸው ጃናሞራ፣ አገልግሎታቸው ጎንደር ከተማ ካሉት አጥቢያዎች ባንዱ፣ ዜማ የሚያስተምሩ ሰው። እስከ ጃናሞራ፣ እስከ መንደራቸው መንገድ ሊመሩኝ ፈቃደኛ የሆኑት ለልጃቸው ሲሉ ይመስለኛል። ባለቤታቸው ምግቡን በላይ በላዩ እየጨመሩብኝ፣ መሪጌታ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ። በስልክ ተጽፎ ሕግ የሚሆን ነገር አለ ስላቸው ጉርሻቸውን መልሰው አኖሩት።

«ታዲያ ቃሉን ማን ይመዝነዋል?» አሉኝ።

«ማሽኑ ይለየዋል፤ ከዚያ ሰው ያየዋል።»

«ማሽኑ ቀድሞ፣ ሰው ኋላ?» አሉና እጃቸውን ታጠቡ።

ረቡዕ በሚኒባስ ወደ ደባርቅ ወጣን። ኬላ ላይ ወርደን መታወቂያ አሳየን፤ እንደገና ተሳፈርን፤ እንደገና ወረድን። ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። ወደ አዳማ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ቢሆን ረዳቱ፣ ሙዚቃውና ተሳፋሪው ይጯጯኻሉ፤ ያን ጩኸት እናፍቃለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ኮሶዬ ላይ ለምሳ ቆምን። ጉሙ መንገዱን በልቶታል። ቀኑ የጾም ነውና ሽሮ አዘዝን፤ የሰዉን ቃል የምመዘግብበትን ታብሌቴን ስከፍት ባትሪው ሊያልቅ ደርሷል፤ ቻርጀሩ ደግሞ ጎንደር፣ ሆቴሉ ግድግዳ ላይ እንደተሰካ ቀርቷል። ያን ሁሉ ክፍል መርጬ! ቦርሳዬን ሦስት ጊዜ ገለበጥኩት። የምግብ ቤቷ ባለቤት አይታኝ ወደ ጓዳ ገባችና የራሷን ቻርጀር ከስልኳ ነቅላ አመጣችልኝ።

«አንቺስ በምን ልትሞይ ነው?» አልኳት።

«የጎረቤት አለ። ስትመለሽ ታደርሽልኛለሽ።»

ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም። ደባርቅ ያደርነው ሙቅ ውኃ የሌለበት ማደሪያ ሲሆን፣ ካልሲዬን ሳላወልቅ ነው የተኛሁት። እኛ ዘንድ በዚያ ወር አንሶላ እንኳ ይከብዳል።

ሐሙስ ወደ ጃናሞራ ዋና ከተማ፣ ወደ መካነ ብርሃን የሚሄደው አውቶቡስ ገና በጠዋት ተነሳ። ጭላዳ ዝንጀሮ አይተሻል ወይ ለሚለኝ ሁሉ አይቻለሁ፤ ገደሉንም አይቻለሁ። ይበልጥ ያየሁት ግን ጎማውን ነው። ከፍታው ላይ ጎማው ፈነዳ፣ መለዋወጫውም የተነፈሰ ሆኖ ተገኘ፤ ሌላ መኪና እስኪመጣ ግማሽ ቀን ንፋስ ላይ ቆምን። አንዲት የማላውቃት ሴት ነጠላዋን ደርባልኝ ራሷ እጇን ብብቷ ውስጥ ከታ ቆመች። በሶ በጥብጠው አጠጡኝ። ተሳፋሪው አንድም ጊዜ ሾፌሩን አልተናገረውም፤ እኔ ብቻ ነበርኩ የማጉረመርመው።

መካነ ብርሃን ደርሰን ከዚያ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ወጣን። ማደሪያችን የመሪጌታ የአጎት ልጅ፣ የእትዬ ሽታዬ ቤት ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት ጥቂት በግ ነው። የእርሻ ድርሻዋ ገደል አፍ ላይ ያለች ቁራጭ፣ ጎርፍ የበላት ናት። በጎቿ የሚውሉት በወሉ መስክ ላይ ነው። እግሬን ለብ ባለ ውኃ ልታጥበኝ ስትጎነበስ አፍሬ እምቢ አልኩ፤ «ምነው፣ ኸኛ ቤት እንግዳ በመንገድ እግሩ አይተኛም» ብላ ሳትጨርስ አልለቀቀችኝም።

ወተት ቀድታ ሰጠችኝና «መስኩን ሊያካፍሉት ነው የሚሉት እውነት ነው?» አለችኝ።

«ገና ረቂቅ ነው። እናንተ ምን እንደምትሉ ልሰማ ነው የመጣሁት።»

«በየድርሻው ከታጠረ ለኔ የሚደርሰኝ ስንት በግ ያቆማል? ሁለት? በሁለት በግ ሰው ይኖራል?»

ሰኞ በአሥራ አንድ ሰዓት አስተያየት መቀበያው እንደሚዘጋ፣ እስከዚያ የሁሉንም ቃል ጎንደር አድርሼ እንደምልክ ነገርኳት። ሰኞ፣ ሰኞ ብላ እንደ ጸሎት ደገመችው።

ዓርብ ኅዳር ሚካኤል ነበር። ቅዳሴው ሲያበቃ ሕዝቡ በቅጽሩ ዛፎች ጥላ ሥር ተቀመጠ። ሰብሳቢው አያ ደሴ ናቸው፤ ዓይናቸው የደከመ፣ ሲናገሩ ሰው የሚያጎነብስላቸው ሽማግሌ። አንቀጹን አነበብኩ፤ መሪጌታ እየቆረጡ አብራሩት። ከዚያ ምክር ተጀመረ። እኔ አዳማ ያየሁት ስብሰባ መድረክ ላይ ያለው ይናገራል፣ የተቀመጠው ያንቀላፋል፤ እዚያ ግን አንድ ቃል ተነስቶ ከሰው ሰው እየዞረ ይታሻል። «አይታጠር» ይባል ወይስ «አንካፈለውም» በሚለው ብቻ ፀሐይ ጥላዋን አዞረች።

አንድ ጎልማሳ ትዕግሥቱ አልቆ ያው አይዶል ወይ ቢል፣ አያ ደሴ በዱላቸው መሬቱን መታ አደረጉና «ያፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አሉት።

ወደ ማታ ቃሉ ተገኘ። ይኸው፣ እንደሰማሁት፦

«መስኩ የወል ነው። አባቶቻችን አልተካፈሉትም፤ እኛም አንካፈለውም። እርሻ የሌለው በሱ ይኖራል። መስኩን ያጠረ፣ ድሃውን ከመሀላችን አወጣ።»

ሁሉም አሜን አለ። ወዲያው መሪጌታ ተነሱና ተማሪን ዜማ በቃል እንደሚያስጠኑት ያዙት፤ እሳቸው አንድ ሐረግ ይላሉ፣ ሕዝቡ ይመልሳል፤ የሳተውን ያርማሉ፣ እንደገና ያስብላሉ። ሽማግሌውም እናቲቱም ቃል ሳያጎድሉ እስኪይዙት ድረስ ማንም ከቦታው አልተነሳም።

እኔም ነገ አንድ በአንድ ስመዘግባችሁ እያንዳንዱ የልቡን በራሱ አነጋገር መናገር ይችላል አልኩ። ስሙን መግለጽ የማይፈልግም መደበቅ ይችላል አልኩ። መብት እያስተማርኩ መስሎኝ ነበር።

«ምነው ልጄ፣» አሉ አያ ደሴ፣ «ሰርቀናል ስማችንን የምንደብቅ?» ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «ሸጋ አስበሽ ይሆናል። ነገር ግን የተማከርነውን ትተን አንዱ እንዲህ፣ አንዱ እንዲያ ካለ ተጣልተናል ማለት ነው። ጠላት የሚገባው በዚያ ነው። እኛ አንድ ራስ ሁለት ምላስ አይዶለንም።»

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ሽታዬ ደጃፍ ላይ ተሰልፈው መጡ። ታብሌቴን የኮሶዬዋ ሴት ቻርጀር፣ በትንሽዬ የፀሐይ መብራት ባትሪ ሲሞላው አድሯል። እያንዳንዱ ይመጣል፣ ስሙን ከነአባቱ ይናገራል፣ ከዚያ ቀና ብሎ ቃሉን ይላል። እኔ እጽፋለሁ። አንድም ሰው አንዲት ፊደል አላዛነፈም። ሰውየው ሲጨርስ የምሰማው ያንኑ ነው፣ ግን በየአፉ ሌላ ክብደት ነበረው። እንደዚያ ጠዋት ሥራዬን ወድጄው አላውቅም። እንደዚያ ጠዋትም ጅል ሆኜ አላውቅም።

የመጨረሻዋ እትዬ ሽታዬ ናት። «መስኩን ያጠረ፣ ድሃውን ከመሀላችን አወጣ» ስትል ድምጿ ተሰበረ፤ ቆም ብላ እንደገና ከመጀመሪያው አለችው፣ የተሰበረ እንዳይጻፍባት። ከዚያ ዝቅ ብላ ጠየቀችኝ።

«ይሰማናል?»

«ይሰማችኋል» አልኳት።

ስንነሳ ባናውን አውጥታ ትከሻዬ ላይ ጣለችው። ከራሷ በጎች ጠጉር ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ስትፈትለው የከረመች። እምቢ ብል የምታዝን መሰለኝ፤ ተቀበልኩ። ያን ዕለት ደባርቅ አደርን።

እሑድ ወደ ጎንደር ስንወርድ ሾፌሩን ለምኜ ኮሶዬ ላይ አስቆምኩት። የሴትዮዋ ምግብ ቤት ተዘግቷል። ጎረቤቷ «ኸሰው ዘንድ ሄደች፣ መቼ እንደምትመጣ አይታወቅም» አለኝ፤ ሾፌሩም ጡሩምባውን ነፋብኝ። ለጎረቤቱ ልስጠው ስል ታብሌቱ ባትሪ እንደሌለው፣ ሆቴል የቀረው ቻርጀሬም መገኘቱን እንደማላውቅ ትዝ አለኝና መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሰኞ። እንደ ትናንት ማታው ሁሉ ጠዋትም ኔትወርክ የለም። እኩለ ቀን ላይም የለም። አዳማ ኔትወርክ ሲጠፋ ሰው ይሳደባል፤ ጎንደር ሰው ስልኩን አይቶ ኪሱ ይከተዋል። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። ሆቴሉ መመገቢያ ክፍል ተቀምጬ ላክኩ።

የአያ ደሴ ቃል ገባ። ሁለተኛው ሲሄድ ቀይ ጽሑፍ ወጣ፦ «ተደጋጋሚ፤ ተቀባይነት የለውም።» ሦስተኛውም። አራተኛውም። የእትዬ ሽታዬም።

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ካቻምና በሌላ ረቂቅ ላይ አንድ ሰው ያንኑ ጽሑፍ በብዙ ስም እያባዛ ልኮብን ነበር። አንድ ሰው መቶ ሆኖ እንዳይመጣ ብዬ፣ ቃሉ አንድ የሆነውን ሁሉ እንደ አንድ ቆጥሮ ሌላውን የሚጥለውን ደንብ የጻፍኩት እኔ ራሴ ነኝ። መቶ ሰው አንድ ሆኖ ሊመጣ እንደሚችል አላሰብኩም ነበር።

ለዮናስ ደወልኩ።

«ደንቡን አንሳው።»

«ጊዜው ሳይዘጋ ደንብ አይቀየርም ብለን ስንፈራረም አንቺም ነበርሽበት» አለ። «አዝናለሁ ሰናይት። የተለያየ አስተያየት አስመስለሽ አስገቢው ማለት አልችልም። አልሰማሁሽም።»

መሪጌታ ማኅሌት ላይ ናቸው። መንደሩ ስልክ የሚሠራው ጉብታው ላይ ሲወጣ ብቻ ነው፤ ሞከርኩ፣ አይሠራም። አሥራ አንድ ሊሞላ ሁለት ሰዓት አይሞላም። እትዬ ሽታዬ «ሰኞ፣ ሰኞ» ያለችው ጆሮዬ ላይ አለ።

ቃሉን ቀየርኩት። ለእያንዳንዱ ስም ሌላ አነጋገር ፈጠርኩለት። ላንዱ «መስኩ ባይታጠር እንመርጣለን»፣ ላንዱ «መካፈል ጠብ ያመጣል»፣ ላንዱ «መጀመሪያ ጥናት ይደረግ»። እየመሸ ሲሄድ ሐሳብ አለቀብኝ፤ ጣቴ የመጣለትን ጻፈ። የመጨረሻዋ እትዬ ሽታዬ ነበረች። ሰዓቱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ለሷ የጻፍኩት ይህን ነው፦ «ቢከፋፈል እንኳ ለድሃው ይታሰብለት።» ለሷ መጨነቄ ነበር።

ሁሉም ገባ። አረንጓዴ ምልክቱን ሳይ ጮህኩ፤ አስተናጋጇ ደንግጣ መጣች። ሻይ አዘዝኩና ደስ ብሎኝ ጠጣሁት። ለመሪጌታ ግን ያደረግሁትን አልነገርኳቸውም። የሚሉኝን ሳላውቀው አልቀረሁም። በማግሥቱ በአውሮፕላን ተመለስኩ፤ ባናውን ያየ ጥበቃ ሠራተኛ «በረዶ ያለበት አገር ነበሩ እንዴ?» ብሎ ቀለደብኝ።

የጉዞው ማስታወሻ እዚህ ላይ ማብቃት ነበረበት፤ ጉዞው ግን አላበቃም። ማጠቃለያው ወጣ። ስለ ጃናሞራ የተጻፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ የነዋሪው አስተያየት የተከፋፈለ ሲሆን፣ ከፊሉ ክፍፍሉን በቅድመ ሁኔታ ይቀበላል። ከግርጌው የእያንዳንዱ ሰው ስምና ቃል ተዘርዝሯል። ስማችን ይጻፍ ብለው የለ?

ዛሬ ጠዋት መሪጌታ ከጉብታው ላይ ደወሉልኝ። ለጥምቀት ወደ መንደሩ ሄደዋል። ንፋሱ ድምፃቸውን ይወስድ ይመልሰዋል። ወረቀቱ ታትሞ መንደሩ መድረሱን ነገሩኝ።

«ቃሉን ያፈረሰው ማን እንደሆነ አልታወቀም። አውጫጪኝ ተቀምጠናል» አሉ። አውጫጪኝ ማለት አጥፊው ከመሀል እስኪወጣ ድረስ መንደሩ በሙሉ የሚቀመጠው መቀመጥ ነው፤ እርሻም፣ ገበያም አይኬድም። «ሁሉም አልተናገርሁም ብሎ ይምላል። ወረቀቱ ግን ሌላ ይላል። ይበልጥ ፊት የጠቆረባት ሽታዬ ናት። ቢከፋፈል እንኳ ብላለች ተብሎ የሰንበቴ ተራዋን ዘለሏት። ታለቅሳለች፤ ያልሁት ሌላ ነው ትላለች። አንቺ ነበርሽ የጻፍሽው፤ ምን ነበር ያለችሽ?»

ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ማራገቢያው እየዞረ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ደንቡን፣ ቀዩን ጽሑፍ፣ ሁለቱን ሰዓት። ቃላችሁ ሳይቆጠር እንዳይቀር ብዬ ነው አልኳቸው።

«ማሽኑ ሁላችንን አንድ ብሎ ቆጠረን ነው የምትይኝ?»

«አዎ፣ መሪጌታ።»

«ታዲያ ልክ ቆጥሮን ነበር እኮ።»

አለቀስኩ። ይቅርታ አልኩ፤ መቼ እንደሚደውሉ ይንገሩኝና ድምፄን ከፍተው ለሸንጎው ያሰሙልኝ፣ ሽታዬ የለችበትም ብዬ ልናገር አልኩ።

«አይሆንም፣ ልጄ» አሉ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ሕጉን በስልክ አመጣሽው። ይኸን ግን በእግርሽ ታመጭዋለሽ። እስክትመጪ ተቀምጠናል።»

ቦርሳዬን አወጣሁ። ባናውን አጥፌ ከታች አደረግሁት፣ የኮሶዬዋን ሴት ቻርጀር ከላይ። ታብሌቱን ጠረጴዛው ላይ ተውኩት።